የጎማ ነፋስ ልክ፤ በአስፋልትና በጠጠር መንገድ ለሚመላለሱ የወለጋ ነጋዴዎች

እንደሚታወቀው ነቀምቴ የአራት መንገዶች መገናኛ ናት። በምሥራቅ በባኮና በአምቦ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ በምዕራብ ዴዴሳን ተሻግሮ ወደ ጊምቢና ወደ አሶሳ፣ በደቡብ ወደ በደሌ፣ በሰሜንም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ የሚወስዱት መንገዶች የሚገናኙት በዚችው ከተማ ነው። የወለጋ ቡና፣ ሰሊጥ፣ ኑግና በቆሎ በነዚህ መንገዶች ይወጣል፤ ጨው፣ ስኳር፣ ማዳበሪያ፣ ቆርቆሮና ልብስ በነዚሁ ይገባል። ይህ ሁሉ ዕቃ የሚጓዘው በጎማ ላይ ነው፤ ጎማውም ጭነቱን የሚሸከመው በውስጡ ባለው ነፋስ ነው። ነጋዴው የጆንያውን ዋጋ፣ የጫኝና አውራጁን ሒሳብ፣ የሾፌሩን አበልና የነዳጁን ወጪ በመዝገብ ጽፎ ሲይዝ፣ ስለ ነፋሱ ግን በመዝገቡ አንድ መሥመር እንኳ አለመኖሩ ያስገርማል።

ጉዳዩን ለማንሣት ምክንያት የሆነን የጎማ ዋጋ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ጎማ በብር የሚጠይቀው ዋጋ ምን ያህል እንደ ናረ አስመጪውም ባለመኪናውም ያውቁታል። ባለ 10 እግር መኪና ያለው ሰው ጎማውን በሙሉ ለመለወጥ የሚያወጣው ገንዘብ ቀድሞ አንድ አነስተኛ ሱቅ ያቋቁም ነበር። ታዲያ ይህን ያህል ገንዘብ የተከፈለበት ጎማ ዕድሜው ሳይደርስ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በመንገዱ ክፋት ሳይሆን በነፋሱ ልክ ማነስ ወይም መብዛት ነው።

የወለጋ መኪና ችግሩ ሁለት ዐይነት መንገድ በአንድ ቀን መሄዱ ነው። ጀንፈል ቡና ሊሰበስብ ወደ ገጠር የገባው ካሚዮን ጧት በፒስታው ላይ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፤ ከቀትር በኋላ በአስፋልቱ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ሾፌሩ ወደ ጎሚስታው በቀረበ ጊዜ የሚሰማው ምክር ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ለፒስታ ቀንስ፣ ለአስፋልት ጨምር» ይሉታል፤ ወይም ደግሞ ጭነቱ ምን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ «መቶ ሙላው» ይባላል። በኛ አስተያየት ሁለቱም ከመነሻው የተሳሳቱ ናቸው። የነፋስን ልክ በመጀመሪያ የሚወስነው ክብደት ነው፤ ቀጥሎ ፍጥነት ነው፤ የመንገዱ ዐይነት የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። የቀድሞው የአጋሰስ ነጋዴ ይህን ሥርዓት ያውቅ ነበር፤ በበቅሎው ላይ የሚጭነውን ለክቶ ከጨረሰ በኋላ ነበር የመንገዱን ነገር የሚጠይቀው።

ይህንንም በቁጥር እንመልከተው። በአገራችን ከባድ መኪናዎች ላይ በብዛት የሚታየው 12.00አር20 የተባለው ጎማ ብዙውን ጊዜ በጎኑ ላይ 154/149 የሚል ቁጥር ይጻፍበታል። ትርጓሜውም ጎማው ብቻውን ሲቆም እስከ 3,750 ኪሎ፣ በጥንድ ሲቆም ደግሞ እያንዳንዱ እስከ 3,250 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ይህን የሚሸከመው ግን በ120 ፒኤስአይ ገደማ ሲነፋ ብቻ ነው። ፒኤስአይ የሚባለው በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፈው የፓውንድ ልክ ሲሆን፣ መለኪያቸው በባር የሆነ ሰዎች 14.5 ፒኤስአይን እንደ 1 ባር ይቁጠሩት። አሁን መኪናው በሚዛን ላይ ወጥቶ የኋላው አክስል 10,000 ኪሎ መዘነ እንበል። በአክስሉ ላይ 4 ጎማዎች ስላሉ ለእያንዳንዱ 2,500 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ይህም ጎማው ሊሸከም ከሚችለው 77 በመቶ ነው። ከ120 ፒኤስአይ 77 በመቶው 92 ይሆናል። የፊተኛው አክስል 6,000 ኪሎ ቢመዝን ለአንዱ ጎማ 3,000 ኪሎ፣ ማለት ከችሎታው 80 በመቶ ይደርሰዋልና 96 ፒኤስአይ ይበቃዋል። የጎማ ሠሪዎቹ ሠንጠረዥ ከዚህ ጥቂት ዝቅ ያለ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ሠንጠረዡ በእጁ የሌለው ሰው ግን በዚህ ስሌት ቢሠራ የሚሳሳተው ወደ ደኅናው በኩል ነው።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የፊተኛው ጎማ ነፋስ ከኋለኛው ጋር አንድ መሆን የለበትም። ሁለተኛና ዋናው፣ ጭነቱን ሳይመዝኑ የነፋስን ልክ ማወቅ አይቻልም። በኩንታል ቆጥሮ መገመት ለቡና ይረዳ ይሆናል፤ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ተቀላቅሎ ሲጫን ግን ግምት ዋጋ የለውም። መኪናው በሚዛን ጣቢያ ባለፈ ቁጥር የእያንዳንዱን አክስል ክብደት ጽፎ መያዝ ምንም ወጪ አያስከትልም። ትርፍ ጭነት ጭኖ ነፋሱን ከ120 በላይ በማድረግ ችግሩን አቃለልሁ የሚል ሰው ግን ራሱን ያታልላል፤ ነፋስ ቢጨመር የጎማው ሽቦ ችሎታ አይጨምርምና።

ጭነቱ ሁልጊዜ ቀላል የሆነስ? ከአዲስ አበባ ብስኩት፣ የፕላስቲክ ዕቃና ፍራሽ ለሚያመጣ ሰው መኪናው ዐይን እስኪያታልል ድረስ የሞላ ቢመስልም ክብደቱ ትንሽ ነው። እንዲህ ያለው መኪና በ120 ተነፍቶ በጠጠር ላይ ሲሄድ ጎማው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ መሬቱን የሚነካው በመካከሉ ብቻ ይሆናል፤ ፍሬን ሲያዝም ይንሸራተታል። ባሌስትራው ይሰበራል፤ የጎማው ጥርስም በመካከሉ ያልቃል። ሙሉ ጭኖ ሄዶ ባዶውን ለሚመለስ መኪና ግን ነፋሱን በመንገድ ላይ እየቀነሱ መልሶ መሙላት አያስፈልግም። ለሙሉ ጭነቱ በስሌት በተወሰነው ልክ ቢመላለስና በባዶው ጊዜ ፍጥነቱን ቢቀንስ ይበቃዋል፤ በየመቆሚያው የሚደረገው ማስተንፈስና መሙላት ከሚያተርፈው የሚያጠፋው ይበልጣል።

ለጠጠር መንገድ ነፋስ መቀነስ የሚጠቅምበት ጊዜ መኖሩን አንክድም። ነፋሱ ሲቀንስ ጎማው ጠፍጠፍ ብሎ መሬቱን በሰፊው ይይዛል፤ ጭቃ ውስጥም እንደ ቢላዋ አይገባም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች በየብስም በባሕርም የሚሄደውን ዲዩኬደብልዩ የተባለ መኪና ሲሠሩ፣ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ በአሸዋው ላይ ነፋሱን እንዲቀንስ፣ በጥርጊያው ላይ መልሶ እንዲጨምር የሚያስችል መሣሪያ አግብተውበት ነበር። ዛሬም በአንዳንድ አገሮች ግንድ የሚያመላልሱ መኪናዎች እንዲህ ያለውን መሣሪያ ይጠቀማሉ።

ከዚህ የሚደንቀው ደግሞ የስፖርተኞቹ ነገር ነው። በአሜሪካ ባለመኪናዎች በቀጥተኛ መንገድ ላይ ሩብ ማይል፣ ማለት 402 ሜትር ያህል የሚሽቀዳደሙበት ድራግ የሚባል ውድድር አለ። ለዚህም ድራግ ራዲያል የሚባል፣ በከተማ መንገድም በውድድር ሜዳም የሚነዳ ለስላሳ ጎማ ይሠራል። ባለቤቱ ከቤቱ እስከ ሜዳው በተራ መኪና ልክ፣ በ30 ፒኤስአይ ገደማ ነድቶ ይመጣል፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ወደ 20 ወይም ከዚያም በታች ያወርደዋል፤ ምክንያቱም መኪናው ሲነሣ ጎማው አስፋልቱን እንዲጨብጥ ይፈልጋል። ከመጠን በላይ ቢያወርደው ግን መኪናው በከፍተኛ ፍጥነት ይወዛወዝበታል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ፓውንድ ብቻ ይለውጣል፤ ያገኘውን ውጤት ይጽፋል፤ ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲል ደግሞ መልሶ ይሞላል። የኛ ሾፌር ከዚህ ሰው ጋር የሚያገናኘው ሥራ የለም፤ የእርሱ ፍላጎት መጨበጥ ነው፣ የኛ መሸከም ነው። ነገር ግን ልማዱ ሊወረስ ይገባዋል ብለን እናምናለን፤ ይለካል፣ ይጽፋል፣ ወደ አስፋልት ሲመለስ ይሞላል።

እንግዲህ በኛ መንገድ የምንመክረው ይህ ነው። ሙሉ የጫነ ከባድ መኪና ለክብደቱ ከሚገባው ልክ በታች ለፒስታ ብሎ መቀነስ የለበትም። እስከ ዛሬ በልማድ 120 ሲነፋ የነበረና በስሌቱ 92 የሚበቃው መኪና ወደ 92 ሲወርድ፣ ፒስታው የሚፈልገውን ልስላሴ በዚያው ያገኘዋል። ቡና ወይም ሸቀጥ ለማየት ወደ ገጠር የሚገባ ፒክአፕ ግን በክረምት ጭቃ ከገጠመው ከልኩ ሩብ ያህል፣ ለምሳሌ ከ36 ወደ 27 ዝቅ ቢያደርግ መንገዱ ይቀልለታል። ይህም በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ሲሆን ነው፤ አስፋልቱን ሳይረግጥም መልሶ ይሙላ። ትክክለኛው የፒክአፑ ልክ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ መንፊያ በመኪናው ውስጥ ማኖር ለዚህ ዐይነቱ ነጋዴ ከሁለተኛ ስኮርታ ይልቅ ትጠቅማለች።

አሁን ወደ ሙቀትና ወደ ከፍታ ጉዳይ እንለፍ፤ ስለዚህ ነገር በሾፌሮች ዘንድ የሚነገረው ብዙ ስሕተት አለበት። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ባኮ 1,650 ሜትር ገደማ ናት፤ የዴዴሳ ድልድይ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለውንና በውጭ ያለውን አየር ልዩነት ስለ ሆነ፣ መኪናው ወደ ቆላ ሲወርድ የውጭው አየር ይከብድና ቁጥሩ ጥቂት ይቀንሳል። የውጭው አየር ግፊት በነቀምቴ 11.4፣ በባሕር ዳርቻ 14.7 ፒኤስአይ ነው። ሙቀት በአንጻሩ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ በ100 የተነፋ ጎማ በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬዱ 4 ያህል ይጨምራል። በነቀምቴ ጧት በ15 ዲግሪ ብርድ 100 ተነፍቶ የተነሣ የቡና መኪና ጅቡቲ ሲደርስ በ35 ዲግሪ ሙቀት ቆሞ አድሮ ቢለካ 104 ያህል ያሳያል። ማዳበሪያ ጭኖ ሲመለስም፣ በወደቡ ጧት በ30 ዲግሪ 100 የተነፋው ጎማ በነቀምቴ ብርድ 98 ያህል ሆኖ ይገኛል፤ ብርዱ የወሰደውን ከፍታው አብዛኛውን ይመልስለታልና። እንግዲህ ደጋና ቆላ በመውጣትና በመውረድ ምክንያት ነፋስ መቀየር አያስፈልግም።

ጎማውን የሚገድለው ሌላ ነገር ነው። መኪናው ሁለት ሦስት ሰዓት ከሮጠ በኋላ ጎማው በራሱ መተጣጠፍ ይሞቅና 100 የነበረው 115 ሊያሳይ ይችላል። ሾፌሩ ይህን አይቶ «በዝቷል፣ ሊፈነዳ ነው» በማለት 15ቱን ያስተነፍሰዋል። ጎማው በማግሥቱ ሲቀዘቅዝ ግን 87 ብቻ ሆኖ ይገኛል። ያን ዕለት ነፋሱ ጎድሎ ስለሚሄድ የበለጠ ይተጣጠፋል፤ የበለጠ ይሞቃል፤ ቁጥሩም ከፍ ስለሚል ሾፌሩ እንደገና ያስተነፍሳል። ከጥቂት ቀን በኋላ ጎማው በአስፋልቱ ዳር ቆዳው ተገፍፎ ይቀራል፤ ጥፋቱም በፋብሪካው ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ነፋስ የሚለካው ጧት መኪናው ሳይነሣ፣ ወይም ቢያንስ ሦስት ሰዓት ካረፈ በኋላ ነው። የሞቀ ጎማ ፈጽሞ አይተነፍስም። የሞቀው ጎማ ቁጥር ከጧቱ ጭራሽ ካነሰ ግን ጎማው የሚያፈስ ነውና ወዲያው ይመርመር።

በጥንድ የሚቆሙት የኋላ ጎማዎች የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የውስጠኛው ጎማ ቫልቭ ለእጅ ስለማይመች ብዙ ረዳቶች የውጭኛውን ብቻ ለክተው ያልፋሉ። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ሌላው የጓደኛውን ጭነት ይሸከምና ሁለቱም ይሞታሉ። ጎማውን በብረት እየመቱ ድምፁን መስማት ባዶውን ከሞላው ለመለየት ይረዳል፤ 100ን ከ80 የሚለይ ጆሮ ግን ገና አልተፈጠረም። በዐይን መገመትም እንዲሁ ነው። የድሮዎቹ ሾፌሮች የሠለጠኑት ክሩ በሰያፍ በተነባበረ ጎማ ነበር፤ የዚያ ጎን ጠጣር ስለ ሆነ ሲጎብጥ ጎድሏል ማለት ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ሚሽለን ኩባንያ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ራዲያል ግን በትክክል ተነፍቶም ጎኑ ይጎብጣል። ሁለቱን ዐይነቶች በአንድ አክስል ላይ ማቀላቀልም አደገኛ ነው።

ከገንዘቡ ኪሳራ በላይ የሚያሳስበን በጎሚስታ ቤት የሚደርሰው አደጋ ነው። ብዙዎቹ ባለከመነዳሪ ጎማዎች የሚገጠሙት ቀለበት ባለው ቸርኬ ላይ ነው። ስፋቱ 20 ኢንች በሆነ ክብ ላይ 100 ፒኤስአይ ሲገፋ ኃይሉ 31,400 ፓውንድ፣ ማለት 142 ኩንታል ያህል ይሆናል። ቀለበቱ በትክክል ሳይቀመጥ ነፋስ ከተሞላና ከወጣ፣ በፊቱ የተገኘውን ሰው አያስተርፍም። ደግሞም ከልኩ 20 በመቶ ጎድሎ ረጅም መንገድ የተነዳ ራዲያል ጎማ በጎኑ ያሉት ሽቦዎች ተሰባብረው ሳይታዩ ይቆዩና፣ ጎሚስታው ነፋስ ሲሞላበት ጎኑ እንደ ልብስ ዚፕ በአንድ ጊዜ ይተረተራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጎማ በመኪናው ላይ እንዳለ አይሞላም፤ ይወልቃል፣ ውስጡ ይመረመራል፣ ከዚያም በብረት ፍርግርግ ውስጥ ገብቶ ይነፋል። ፍርግርጉ ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ የሚሞላው ሰው ከቫልቩ ጋር በራሱ የሚያያዝ አፍ ያለው ረጅም ጎማ ይዞ ከጎማው ጎን ርቆ በጥርሱ በኩል መቆም አለበት። ይህ ሁሉ መሣሪያ ከአንድ ከባድ መኪና ጎማ ዋጋ ብዙም የሚበልጥ አይመስለንም። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ነፋስ የሚሞሉት ልጆች አብዛኞቹ ወጣቶች መሆናቸውን የሚያይ ነጋዴ፣ መኪናውን የሚያስነፋበትን ቤት ሲመርጥ ፍርግርጉ መኖሩን ቢጠይቅ መልካም ነው። ደንበኛ ሲጠይቅ ባለቤቱ ይገዛል።

አስመጪዎችም እዚህ ላይ ሥራ አላቸው። እስከ አራት እግሩ ጎማ እያመጡ ከጎማው ጋር መለኪያ አለማምጣት፣ ጨርቅ እየሸጡ ሜትር እንደ መከልከል ነው። የከባድ መኪና መለኪያ እስከ 160 ፒኤስአይ የሚያነብና ለውስጠኛው ጎማ የሚመች ሁለት አፍ ያለው ሊሆን ይገባል። ጎማ ገዢውም በዋጋ ብቻ አይከራከር። በጎኑ ላይ ያለውን የክብደት ቁጥር ያንብብ፤ ከዚያም ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ይመልከት። 3523 የሚል ቢያገኝ ጎማው በ2023 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት፣ በኛ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተሠርቷል ማለት ነው። በመጋዘን ዓመታት የከረመ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ አርጅቷልና በአዲስ ዋጋ መሸጥ የለበትም። ያገለገለ ጎማ የሚገዛም ሰው አለባበሱን ያንብበው፤ መካከሉ ያለቀ ነፋስ በዝቶበት፣ ሁለት ዳሩ ያለቀ ደግሞ ነፋስ ጎድሎበት የተነዳ ነው። ዳሩ ያለቀውን ባይገዛው ይሻለዋል፤ ውስጡ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላልና።

በመጨረሻም ስለ መለኪያው ራሱ አንድ ነገር እንጨምር። መለኪያ ሲወድቅና ሲቆይ ይዛነፋል። ሚዛን ያለው ነጋዴ የታመነ ድንጋይ ለማመሳከሪያ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ባለመኪናውም አንድ ጥሩ መለኪያ በመሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ያኑር፤ በየወሩም የሾፌሩን መለኪያ ከእርሱ ጋር በአንድ ጎማ ላይ ያስተያይ። ልዩነቱ ከ3 ፒኤስአይ ካለፈ የሾፌሩ ይለወጥ። ሾፌሩም በየሳምንቱ ሰኞ ጧት የለካውን ቁጥር ከእያንዳንዱ ጎማ ቦታ አንጻር በደብተር ይጻፍ፤ ሲጨርስም የቫልቩን ክዳን መልሶ ይግጠም፤ የፒስታው አቧራ በመጀመሪያ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።